የጉንሂልድ ቤት ጭስ

ከአጋዘን ጅረት ወዲህም ሆነ ወዲያ ማዶ እንደ እኔ ነገር የሚያስታውስ ሰው አልተፈጠረም። ይህን የምለው ራሴን ለመካብ አይደለም፤ እሺ፣ ትንሽ ለመካብም ነው። የየትኛው ጎረቤት ላም በየትኛው ቀን እንደወለደች፣ ፓስተሩ ያለፈውን ዓመት ስብከት መቼ መልሶ እንዳመጣብን፣ የፈርጉሰን ሚስት ስንት ጊዜ «ነገ ኦሃዮ እናቴ ቤት ነኝ!» ብላ ፎክራ ስንት ጊዜ እንደቀረች ጠይቁኝ። ቀኑን ከነአየሩ እነግራችኋለሁ። ትምህርት ቤት የሄድኩት አራት የበረዶ ወራት ብቻ ነው። ቢሆንም መምህራችን መዝገቧ ሲጠፋባት ማን ቀርቶ ማን እንደመጣ የምትጠይቀው እኔን ነበር።

ስሜ ዖርፋ ነው። አዎ፣ ያቺ አማቷን ስማ፣ አልቅሳ፣ ወደ ኋላ የተመለሰችው። አባዬ መጽሐፍ ቅዱሱን ገልጦ ጣቱ ያረፈበትን ስም አወጣልኝ። ጣቱ ትንሽ ዝቅ ቢል ሩት እሆን ነበር። አሁን አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። በእኛ አገር አሥራ ሰባት የሞላት ሴት ወይ አግብታለች፣ ወይ ታስተምራለች፣ ወይ ደግሞ ምን እንደጎደላት ይወራባታል። የእኔን ጉድለት ግን ማንም አያወራውም፤ ሁሉም ያውቀዋልና።

የሆነው ዘጠኝ ዓመት በሞላኝ ዓመት ነው።

ቤታችን ሣር ከነሥሩ እንደ ጡብ እየተቆረጠ የተካበ ቤት ነበር። ዝናብ ሲዘንብ ውጪ በአንድ ቀን ያባራና ቤት ውስጥ ሦስት ቀን ይቀጥላል። ከጅረቱ ማዶ ሌላ እንደዚያው ያለ ቤት ነበር፤ የአክስቴ ጉንሂልድ። የሥጋ አክስቴ አይደለችም። ከኖርዌይ የመጣች፣ ክንዷ እንደ ወንድ የጠነከረ፣ ስትስቅ ዶሮዎቿ የሚበረግጉላት ሴት ነበረች። ባሏ አንደርስ በሁለተኛው ዓመት በሳንባ ምች ሞተ። የሬሳ ሣጥኑን ከጋሪያቸው ሳንቃ ሠሩለት፤ ስለዚህ ጉንሂልድ ባልም ጋሪም በአንድ ቀን አጣች። ሰዎች «ወደ አገርሽ ተመለሺ» ሲሏት፣ «የት አገር? አገሬማ እዚህ ተቀብሯል» አለችና ማረሷን ቀጠለች።

በአራተኛው ዓመት ድርቅ መጣ። ስንዴዋ ጉልበት ሳይደርስ ቢጫ ሆነ። ለዘር እንኳን የሚሆን አልተረፋትም። መስከረም ላይ ላሟን እኛ ጋ አሰረች፣ ዶሮዎቿን ለፈርጉሰኖች ሰጠች፣ በባቡር ከሚኬድበት ከተማ በአንድ የእንግዳ ማረፊያ ወጥ ቤት ልትሠራ ሄደች። በጸደይ ዘር ይዛ ልትመለስ።

እኔ የማውቀው ይህንን ብቻ ነበር። ቀጥሎ ያየሁት ግን ሌላ ነው።

አባዬ በሳምንት ሦስት ቀን አንድ ጆንያ ኩበት ተሸክሞ ጅረቱን ይሻገራል። ትንሽ ቆይቶ ከጉንሂልድ ቤት ጭስ ይወጣል። ወደ ቤት ሲመለስ እጁ ባዶ ነው፤ ጢሙ ግን አንዳንዴ ጣፋጭ ጣፋጭ ይሸታል። እኛ በዚያ ወራት ጠዋት የበቆሎ ገንፎ፣ ማታ ደግሞ የጠዋቱን የበቆሎ ገንፎ ነበር የምንበላው። ጣፋጭ የሚሸት ጢም ከየት እንደመጣ ለማወቅ ትልቅ ፈላስፋ መሆን አያስፈልግም።

አንድ ቀን እማዬ ሊጡን እየመታች፣ «ሳይላስ፣ ስድስት ወሩ ካለፈማ ወንጀል ነው» አለችው።

«ጭስ መቼ ወንጀል ሆኖ ያውቃል፣ መርሲ?»

«እየቀለድኩ አይደለም። ብትያዝስ?»

«አገሩ ሁሉ እጁ አለበት። ማንን ይዘው ማንን ይተዋሉ? ፈርጉሰን አለ፣ ሽማግሌው ክላውስ አለ…»

«ቀስ በል። ግድግዳው ጆሮ አለው።» በዐይኗ ወደ እኔ ጠቆመች። እኔ ሹራብ እየሠራሁ ነበር፤ ማለትም ሹራብ እየሠራሁ እመስል ነበር።

ወንጀል። ብትያዝስ። አገሩ ሁሉ እጁ አለበት። ሦስቱን ደመርኩና የምንኖረው በሌቦች መንደር መሆኑን ተረዳሁ። ፓስተሩ «አትስረቅ» ሲል አባዬ ራሱን እየነቀነቀ «አሜን» የሚለው ነገር አሳፈረኝ። በቤተ ክርስቲያን ከጎኑ ስቀመጥ ቀሚሴ እንዳይነካው እሰበስብ ነበር። አዎ፣ እኔ ነኝ ያንን ያደረግሁት።

ከዚያ ተከተልኩት። በረዶው ጉልበቴ ላይ ይደርሳል፤ የአባዬን ዱካ እየረገጥኩ ሄድኩ። በመስኮቷ ስንጥቅ አየሁት። ምድጃውን አነደደ። የጉንሂልድን የእንጨት ጫማ አወጣና ትልቅ እግሩን ግማሽ ድረስ አስገብቶ፣ ተረከዙ ተንጠልጥሎ፣ ከበሩ እስከ ጉድጓዱ፣ ከጉድጓዱ እስከ በረቱ ወዲያ ወዲህ አለ። ሲንገዳገድ ዝይ ይመስል ነበር። ከዚያ የሴትዮዋን ቀሚስ አውጥቶ ገመድ ላይ ሰቀለ። ቀሚሱ በብርዱ ወዲያው ደርቆ እንደ ሳንቃ ቆመ። በመጨረሻ ገብቶ ወንበሯ ላይ ተቀመጠና ከመደርደሪያው የዱር ፕሪም ማርማላታ አውርዶ በማንኪያ፣ እንዲያው ዐይኑን ጨፍኖ፣ በላ።

ቀሚሱና ጫማው አልገባኝም፤ አባዬ ትንሽ የነካው መሰለኝ። ማርማላታው ግን ገባኝ። አባቴ ብቻውን የሚበላ ሌባ ነው።

ዛሬ ጅረቱ ዳር ያለ ማንኛውም ሕፃን የሚያውቀውን ያኔ እኔ አላውቅም ነበር። መንግሥት መሬቱን የሚሰጠው አምስት ዓመት ለኖረበት ሰው ነው። ስድስት ወር ከቤቱ ከጠፋ ግን ማንም አላፊ አግዳሚ መሬት ጽሕፈት ቤት ሄዶ «ይህ ሰው ትቶት ሄዷል፣ ለእኔ ይገባል» ማለት ይችላል። ይህንን እንደ ሙያ የያዙ ሰዎች ነበሩ፤ በፈረስ እየዞሩ የማይጨስ ቤት የሚፈልጉ። ስለዚህ ድሃ ሰው ሥራ ፍለጋ ሲሄድ ጎረቤት ጭሱን ያቆይለታል። ምድጃ ያነዳል፣ በረዶ ላይ ዱካ ያደርጋል፣ ልብስ ያሰጣል። ለልጆች አይነገርም፤ ልጅ ያወራልና። ጉንሂልድ አምስቱን ዓመት ልትደፍን የቀራት ጥቂት ነበር። መጋቢት አጋማሽ ላይ ለመመለስ ተነሥታም ነበር። ግን በዚያ ዓመት በረዶው ሐዲዱን ቀብሮ ባቡር የሚባል ነገር ከየካቲት ጀምሮ ቆመ። ስድስት ወሩ ባቡር ስትጠብቅ አለቀባት። ጎረቤቶቹ መክረው ጨርሰዋል፤ የሚጠይቅ ቢመጣ ሁሉም «የሄደችው በጥቅምት መጨረሻ ነው» ሊሉ። አንድ ወር ተኩል መዋሸት። ለአንዲት መበለት።

ሰውየው የመጣው መጋቢት ሃያ አምስት፣ ዓርብ ቀን ነው። ጣሪያው ጫፍ ጫፉ ላይ መንጠባጠብ ጀምሮ ነበር። እማዬ የፈርጉሰንን ሚስት ልታዋልድ ሄዳለች፤ አባዬ ጠዋት ጅረቱን ተሻግሮ ከተመለሰ በኋላ ታች ወርዶ እንጨት ይለቅማል። ሰውየው ፀጉራም አንገትጌ ያለው ካፖርት ለብሷል፤ በፈረስ ነው።

«ለፈረሴ ውሃ ይገኛል፣ እመቤት?» አለኝ።

እመቤት! ዘጠኝ ዓመቴ፣ አፍንጫዬ እየፈሰሰ።

«ባልዲው እዚያ አለ፣ ጌታዬ። ላዩን ይሰብሩት፤ ረግቷል።»

ፈረሱ እየጠጣ፣ «ያ ማዶ ያለው ቤት የማን ነው?» አለ።

«የአክስቴ ጉንሂልድ።»

«እንዴት ናት? ደኅና ናት?»

የሕግ ሰው ነው አልኩ በልቤ። ቤት ሊጠብቅ የመጣ። በሩን ቢቆልፈው አባዬ ከኃጢአት ይድናል፤ እኔም ስሙን ሳላነሣ አድነዋለሁ። አቤት ብልህነቴ!

«እሷማ የለችም። ሥራ ሄዳለች። ቤቱ ባዶ ነው። ትልቅ ቁልፍ ቢደረግበት ጥሩ ነበር» አልኩት።

«እንዴ! መቼ ሄደች?»

«በልደቴ ቀን። መስከረም አሥራ ዘጠኝ። እሑድ ነበር፤ ጸሎት እንኳን ሳትቆይ ነው የሄደችው።»

ሰውየው ጓንቱን አወለቀና በጣቶቹ ቆጠረ። ከዚያ ሳቅ አለና ራሱን ነቀነቀ። «አይ ልጄ፣ ተምታቶብሽ ነው። ልጅ ቀን አያውቅም። ያውልሽ፣ ተመልከቺ፤ ጭስ አለ። ባዶ ቤት ይጨሳል እንዴ?»

እዚህ ላይ ልቁም። ለብዙ ዓመት ለራሴ የምነግረው ነገር ነበረኝ፤ አባቴን ከኃጢአት ለማዳን ብዬ ነው የተናገርኩት እያልኩ። ውሸት ነው። ቀኑን እንኳን ካልኩ በኋላ ዝም ብል ኖሮ ሰውየው የልጅ ወሬ ብሎ ይሄድ ነበር፤ ፈረሱን እያዞረ ነበር። የአባዬን ስም ላልጠራም ምዬ ነበር። ግን «ተምታቶብሽ ነው» አለኝ። እኔን!

«አልተምታታብኝም!» ብዬ ጮኽኩ። «ጭሱ የአባዬ ነው! ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ እሱ ነው የሚያነደው። ቀሚሷንም የሚያሰጣው እሱ ነው፣ በጫማዋም የሚሄደው እሱ ነው፤ ሄደው ዱካውን ይዩት፣ ተረከዝ የለውም! እኔ ቀን አልስትም። የማንንም ቀን ይጠይቁኝ!»

ሰውየው ከኪሱ ትንሽ ደብተር አወጣ።

«መስከረም አሥራ ዘጠኝ» አለ እየጻፈ፣ ዝግ ብሎ። «ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ። ስምሽ ማን ነው፣ እመቤት?»

«ዖርፋ ፕራት።»

«ከዚህ አገር ትልልቅ ሰዎች ሁሉ አንቺ ትበልጫለሽ።» ባርኔጣውን አነሣልኝ። በሕይወቴ ባርኔጣ ያነሣልኝ የመጀመሪያው ሰው ነው። ከሄደ በኋላ በረቱ ውስጥ ለላሟ ሳይቀር ነገርኳት። ለላሟ! ለጉንሂልድ ላም።

ጉንሂልድ ሚያዝያ ላይ፣ ሐዲዱ በተከፈተ በመጀመሪያው ባቡር መጣች። አራት ጆንያ ዘር በሰው ጋሪ አስጭና፣ እሷ ራሷ ጆንያው ላይ ተቀምጣ፣ ገና ከሩቅ እየጮኸች። አባዬን ትከሻውን መታችው፣ እማዬን ከመሬት አነሣቻት። ለእኔ ከደረቷ ሰማያዊ ጥብጣብ አወጣች።

«በልደትሽ ቀን ጥዬሽ ስለሄድኩ ነው። መንገዱን ሁሉ ሲቆጨኝ ነበር» አለችኝ።

አባዬና እማዬ ተያዩ። አባዬ ሳቅ ብሎ፣ «ኧረ ጉንሂልድ፣ ልደቷ ጥቅምት ነው በይ፣ ከአሁኑ ተለማመጂ» አላት። ሁለቱም ሳቁ። እኔ ምን እንደሚያስቃቸው አልገባኝም። ጥብጣቡን ግን አሰርኩት።

ስንዴው በቅሎ አንድ ጣት ሲያክል ወረቀቱ መጣ። ታልማጅ የሚባል ሰው፣ ያ ባለ ባርኔጣው፣ መሬቱ የተተወ ነው ብሎ ከሷል። አባዬ፣ ፈርጉሰንና ሽማግሌው ክላውስ ሊመሰክሩ ወደ መሬት ጽሕፈት ቤቱ የሁለት ቀን መንገድ ሄዱ። ጉንሂልድ አብራቸው ሄደች፣ የባሏን የሠርግ ኮት በራሷ ልክ አስጠብባ ለብሳ።

እዚያ የሆነውን በኋላ የነገረኝ የፈርጉሰን ልጅ ነው፤ ደስ እያለው። መጀመሪያ ፈርጉሰን «ጥቅምት መጨረሻ» አለ። ክላውስም «ጥቅምት መጨረሻ» አለ። የታልማጅ ጠበቃ ግን ደብተሩን ከፈተ። መስከረም አሥራ ዘጠኝ፣ በልጅቷ ልደት፣ እሑድ፣ ጸሎት ሳትቆይ። ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ። ስለ ቀሚሱ አነበበ፣ ስለ ጫማው አነበበ፣ ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ከዚያ አባዬን አስነሡት። እጁን መጽሐፉ ላይ ሲያሳርፍ ጠበቃው፣ «አቶ ፕራት፣ ሴት ልጅዎ የተወለደችው መቼ ነው?» አለው።

 አባዬ እጁን ከመጽሐፉ ላይ አነሣ። የልጁን ልደት መካድ አልቻለም። «መስከረም አሥራ ዘጠኝ» አለና ተቀመጠ።

ጉንሂልድ ላሟን ልትወስድ የመጣች ቀን እኔ አልጋ ሥር ነበርኩ። መሬቱ መሄዱን ሰምቻለሁ፤ ለምን እንደሄደ ግን አሁንም አልገባኝም ነበር። እኔ የፈራሁት ማርማላታውን ነው። ባዶ ዕቃውን አግኝታ አባዬን ሌባ ልትል የመጣች መሰለኝ። ድምፅዋን ስሰማ ከአልጋው ሥር እንዳለሁ፣ «እኔ አልነገርኩትም! ማርማላታሽን አባዬ እንደበላው ለሰውየው አልነገርኩትም! ጭሱን ብቻ ነው የነገርኩት!» ብዬ አለቀስኩ።

 የአባዬን ጫማ፣ የእማዬን ጫማ፣ የጉንሂልድን የእንጨት ጫማ በሥር በኩል አያለሁ። የማንም ጫማ አልተንቀሳቀሰም።

«የምን ማርማላታ?» አለ አባዬ በመጨረሻ። ድምፁ የእሱ አይመስልም።

ጉንሂልድ ናት የመለሰችለት። «እኔ የተውኩልህን ነዋ። ብርዱ ላይ ለሚሄድልኝ ሰው ብዬ የተውኩትን።» ቀስ ብላ ነበር የተናገረችው። ከዚያ የእንጨት ጫማው ዞረና ወጣ። ላሟ ስትሳብ ሰማሁ።

ያን ጊዜ ገባኝ። እንደ ጎርፍ ነው የገባኝ፣ ሁሉም በአንዴ፤ ጫማው፣ ቀሚሱ፣ ጥቅምቱ፣ ባርኔጣው። ማንም አልመታኝም። ቢመቱኝ ኖሮ! አባዬ አልጋው አጠገብ ተንበርክኮ እጁን ዘረጋልኝ። «ውጪ፣ ወለሉ ቀዝቃዛ ነው» ብቻ አለኝ። ያንን እጅ በቤተ ክርስቲያን ቀሚሴ እንዳይነካው ስሰበስብ ነበር የከረምኩት።

ታልማጅ አንድ ቀን እንኳን አላደረበትም። ቤቱን ለጥጆቹ በረት አደረገው። እኔ ከዚያ በኋላ ሰው ቤት ስገባ ወሬ ይቆማል። «ዖርፋ ናት» ይላሉ፣ ወተት በእሳት ላይ የረሳች ሴት «ገነፈለ» እንደምትለው። አሁንም እንዲያ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ጎረቤት ሥራ ፍለጋ ሄደ፤ ጭሱን የሚያቆየው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። አባቴ መሆኑን እጠረጥራለሁ፤ ግን ሲነሣ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ፣ እንዳላይ። ዐይኔ ካየ ራሴ ይይዘዋል።

ባለፈው ወር አባዬ ማረሻ ሊያስጠግን ከተማ ሲሄድ አብሬው ሄድኩ። ጉንሂልድ እዚያው ወጥ ቤት እንደምትሠራ ሰምቼ ነበር። የምላትን መንገዱን ሁሉ ተለማምጄዋለሁ፤ የሚያምር ንግግር ነበር፣ ሁለት ቦታ ላይ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ ያለበት። አባዬን ስጠይቀው፣ «ሂጂ። ግን አጭር አድርጊው» አለኝ።

ከእንግዳ ማረፊያው ጀርባ አገኘኋት። በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ በፈላ ውሃ የተነከሩ ዶሮዎች ተቆልለውላት፣ ላባ ትነጫለች። ሸብታለች። ክንዷ ያው ነው። ከውስጥ አንድ ወንድ «ጉንሂልድ! ስንት ሰዓት ሊፈጅ ነው?» እያለ ይጮኽባታል፤ እሷም «የራስህን ላባ ስነጭ አንተን እጠይቅሃለሁ!» ትለዋለች።

ቆምኩ። ስሜን ነገርኳት። ቀና ብላ አየችኝና ወደ ዶሮዋ ተመለሰች። ጀመርኩ። ስለ ዓርቡ ነገርኳት፣ ጣሪያው ይንጠባጠብ እንደነበር፣ ካፖርቱ ምን ዓይነት አንገትጌ እንደነበረው፣ «እመቤት» እንዳለኝ፣ አባቴ ሌባ መስሎኝ እንደነበር፣ ግን ያም እንኳን ሰበብ እንደሆነ፣ እውነቱ ትዕቢቴ እንደሆነ። ጥቅሱን አመጣሁ። አለቀስኩ። እያለቀስኩም ቀጠልኩ፤ ጥብጣቡን ከዚያ ወዲህ አስሬው እንደማላውቅ፣ ስምንት ዓመት ሙሉ የእሷን ቤት ማዶ እያየሁ እንዳደግሁ፣ ከእኔ የባሰ ኃጢአተኛ በአገሩ እንደሌለ፣ ብትረግመኝም እንደሚገባኝ። ሁለት ዶሮ ጨረሰች። ሦስተኛውን ስታነሣ እኔ ሁለተኛውን ጥቅስ ጀምሬ ነበር።

ጉንሂልድ ዶሮውን ከእግሩ ይዛ፣ ውሃው እየተንጠባጠበ፣ ወደ እኔ ዘረጋችው።

«ያኔም አፍሽ ነው፣ ዛሬም አፍሽ ነው» አለችኝ። «እጅ ካለሽ ይህቺን ንጪ።»